የዘንቢሉ ውሳኔ

ጥር 4፣ ሰኞ

ከገበያ ተመለስኩ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ትንሽ ሎሚ። ዘንቢሉን የግቢያችን ጥበቃ ሙዘሚል በር ላይ ተቀበለኝ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። «እትዬ፣ እኔ እያለሁ?» ይላል። አራተኛ ፎቅ ድረስ አደረሰልኝ፤ እኔ ባዶ እጄን ከኋላው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ይዤ አረፍኩ። አላየኝም። ጥሩ።

ሊፍት የለንም። ለሊፍት የተተወው ክፍተት የአሮጌ ፍራሽ ማስቀመጫ ከሆነ ቆይቷል። ደረጃው ግን ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም። የተለወጠው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ልጄ ኣርያም ከሰሚት መጣች። ደረጃው ላይ ከኋላዬ ስለነበረች ሁሉንም አየች።

«ማሚ፣ እንዲህ መሆን ከጀመርሽ ቆየሽ?»

«እንዴት መሆን?»

«ግድግዳ ይዞ መቆም።»

«ቀለሙ ተላጦ እንደሆነ እያየሁ ነበር።»

አላመነችም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ሻይ ሳትጠጣ ወደ ነገሩ ገባች። ቤቷ ውስጥ ምድር ላይ ያለው ክፍል ባዶ ነው። ደረጃ የለውም። ሠራተኛ አለች። መኪና አለ። ምን ጎደለ? እስከ ፋሲካ እንይ አለች። እስከዚያ አራተኛ ፎቅ ሳላርፍ መውጣት ካልቻልኩ የእኔ ቤት ይከራያል፤ እኔ ወደ እሷ እሄዳለሁ። ተስማማሁ። ባልስማማስ? ክርክሩ ከፋሲካ በፊት ይጀመር ነበር።

«ግን እዚህ ምን ይዞሽ ነው?» አለችኝ ስትወጣ።

ምክንያቶቼን በቅደም ተከተል ላስረዳት አሰብኩ። የምሥራቁ መስኮት። አባቷ የመረጠው ወለል። ቦሌ ሚካኤል በእግር መድረሱ… አንዱን ብቻ ነገርኳት።

«ቁልፉ የእኔ ነው።»

ጥር 13፣ ረቡዕ

ወሎ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ማዕዛ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ግን ፈጥና አትናገርም። ያ አስደሰተኝ።

«ምን ይሠራሉ?»

«የመድኃኒት ጥራት ምርመራ ላይ ነበርኩ። ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«በቀን ውስጥ ማለቴ ነው። ሰውነትዎ ምን ይሠራል?»

አሰብኩ። «ይቀመጣል» አልኳት።

የጉልበቴ መጋጠሚያ ሳስቷል። ይህ አይመለስም። የጭኔ ጡንቻ ደግሞ ሥራ ፈቷል፤ ቃሉ የእሷ ነው። በሕይወቴ ሥራ ፈት ተብዬ አላውቅም፤ ጡንቻዬም ቢሆን። እሱ ግን ይመለሳል አለች። መራመድ። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ። ደረጃውን አለመሸሽ። ዕቃዬን ራሴ መያዝ።

«ለምን ያህል ጊዜ?» አልኳት።

«እስከ መጨረሻው።»

«የሕክምናው መጨረሻ?»

«የእርስዎ።»

በደብተሯ ላይ ስትጽፈው ተመለከትኩ። ፊቷ አልተለወጠም።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ሳምንቱን የሞከርኩበት ውጤት።

አውቶቡስ ውስጥ ልቆም አሰብኩ። ረዳቱ «ለማዘር ቦታ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ተማሪዎች ባንድ ጊዜ ተነሡ። ሁለቱም ወንበሮች ላይ መቀመጥ ስለማይቻል አንዱን መረጥኩ።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ላስቀድስ አሰብኩ። የማላውቃት ሴት በርጩማ አመጣችልኝ። እምቢ ስል ሌላዋ የተሻለ አመጣች።

ከወሎ ሰፈር በእግሬ ልመለስ አሰብኩ። የጎረቤት ልጅ መኪናውን አቁሞ አሳፈረኝ። «እናቴ ብታየኝ ምን ትለኛለች?» አለ። የመኪናው ወንበር በጣም ምቹ ነበር። መቀበል የለብኝም ነበር… ግን እንዴት እምቢ ይባላል?

ዘንቢሉን እንደ ልማዱ ሙዘሚል ተቀበለኝ።

መደምደሚያ፦ ችግሩ ጉልበቴ ብቻ አይደለም። መከበሬም ነው። በዚህ አያያዝ በአክብሮት አልጋ ላይ እውላለሁ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ከወንበር መነሣት፣ መቀመጥ። መነሣት፣ መቀመጥ። ወንበሩ ተንቋቋ። ጉልበቴም። የቱ እንደቀደመ ለመለየት አልተቻለም።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

መፍትሔ አገኘሁ። ሰው ሳይበዛ፣ ገና ሲነጋጋ መውጣት። የሚያሳፍር መኪና የለም፤ የሚነሣ ተማሪ የለም። ወደ ወሎ ሰፈር በእግር፣ መመለስም በእግር። ለምን ቀድሞ አልታየኝም?

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ከባድ ቀን። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ኃይለኛ ነፋስ ነበረ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩት፤ ጥለቱ ወፍራም ስለሆነ አንገትና ጆሮ ላይ ሲሆን ነፋስ አያሳልፍም። ጫፉ እግሬ ላይ እንዳይጠመጠም ወገቤን አሰርኩበት። ኣርያም የገዛችልኝ የስፖርት ሱሪ ጥቁር ነው። እንዲህ ሆኜ፣ በፍጥነት። ሙዘሚል በር ላይ «እትዬ፣ ደህና ነው?» አለኝ። «ደህና» ብዬ አለፍኩት። ትንፋሽ ለመቆጠብ ነበር። ሌሎችም ሰላም አሉኝ መሰለኝ። አልቆምኩም።

ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ገሰሰ፣ ጥቁር ኮት ለብሰው። ከኋላቸው የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ ደብሪቱ። ከእሷም ኋላ ሌሎች የእድር ሰዎች። ገቡ። ተቀመጡ። ማንም አይናገርም። ሁሉም ወለሉን ያያል።

ሰው ተሰብስቦ መጥቶ ዝም ካለ መርዶ ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ኣርያም… ከትናንት ጀምሮ አልደወለችም። መቐለ ያለው ወንድሜ ጸጋይ… ደሙ ከፍ ብሎበት ነበር። እጄ ቀዘቀዘ።

«ማን ነው?» አልኩ።

አቶ ገሰሰ ቀና አሉ። «እኛም እሱን ልንጠይቅዎ ነበር፣ ወይዘሮ ትበርህ። ግን እንዲህ ያለ ነገር በጥያቄ አይጀመርም ብለን…»

«ምን ያለ ነገር?»

«ሐዘንዎ።»

«የምን ሐዘን?»

እርስ በርስ ተያዩ። ደብሪቱ በሩ ጀርባ የተሰቀለውን ነጠላ አየችው። ከዚያ እኔን።

«አንቺ፣ ሰው አልሞተብሽም እንዴ?»

«እኔ እስከማውቀው አልሞተብኝም። እናንተ የሰማችሁት ካለ…»

«ታዲያ በጠዋት ጥቁር ለብሰሽ፣ አዘቅዝቀሽ፣ ወገብሽን አስረሽ፣ ሰላም ሲሉሽ እንኳ ሳትቆሚ ወዴት ነበር የምትበሪው?»

«እየተራመድኩ ነበር። ለጉልበቴ።»

አቶ ገሰሰ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ወደ ታች ጮኹ። «ተዉት! ድንኳኑን አትትከሉ!» ከታች አንድ ድምፅ «ግማሹን ተክለናል'ኮ!» አለ።

ደብሪቱ ድንኳኑን ለማስወጣት ምድር ወርዳ ስለነበር ገና ከደረጃው አላገገመችም። ግንባሯን በነጠላዋ እየጠረገች «ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ ሰው አለመሞቱ!» አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሌሎቹም። አቶ ገሰሰ አልሳቁም። ድንኳን ያለ ሞት መውጣቱን እንዴት እንደሚመዘግቡት እያሰቡ ይመስለኛል።

ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ፋሲካ፣ ስለ ኣርያም ባዶ ክፍል። ስለ ዘንቢሉም። ለጎረቤት ይህን ያህል የቤቴን ጉዳይ ተናግሬ አላውቅም። አድምጠው ሲጨርሱ ደብሪቱ፦

«እና ምን እናድርግሽ? አንቺ ተሸክመሽ እኛ እጃችንን አወናጭፈን ከኋላሽ ብንወጣ፣ የሚያየን ሰው ምን ይላል? አሳዳጊ የበደላቸው ነው የሚለን።»

ትክክል ናት። ይህን አላሰብኩትም ነበር። እነሱም የሚረዱኝ ስለሚታዩ ነው።

ከሄዱ በኋላ ኣርያም ዘንድ ደወልኩ።

«ምነው ማሚ?»

«እንዲሁ።»

ድምፅዋን ሰማሁ። ዘጋሁ። ከዚያ ጸጋይ ዘንድም ደወልኩ። እሱም አለ።

መጋቢት 6፣ እሑድ

የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ። ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ዛሬ ሁለተኛው አጀንዳ «የጸሐፊዋ ዘንቢል» ነበር። ያስያዘችው ደብሪቱ ናት። እኔን አላማከረችም።

አቶ ገሰሰ ተቃወሙ። «ደንባችን ስለ ቀብር ነው። ስለ ዘንቢል አንድም አንቀጽ የለውም።»

«ትውደቅና አንቀጽ እናገኝላታለን» አለች ደብሪቱ። «እኔ በበኩሌ ያንን ድንኳን ከምሸከም እሷ ዘንቢሏን ብትሸከም ይሻለኛል።»

እኔ «ሐሳብ ተሰጠ» ብዬ ጻፍኩ።

ሙዘሚል ተጠርቶ ገባ። የእሱ ጥያቄ ግልጽ ነበር። «እትዬ ተሸክመው ሲገቡ እኔ እጄን የት ላድርገው? አዲስ ተከራይ ቢያየኝ ይሰድበኛል።»

«ውሳኔ ነው በላቸው» አሉ አቶ ገሰሰ። ቃሉን ሲናገሩት ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ አልተቃወሙም።

የተወሰነው፦ ወይዘሮ ትበርህ ዕቃቸውን ይዘው ሲገቡ ማንኛውም አባል ወይም ጥበቃ እንዳይቀበላቸው፤ ካልጠየቁ በቀር ወንበር እንዳይቀርብላቸው። ውሳኔው ዝናብ በሚዘንብበት፣ ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን በሚወጣበትና ሕመም በሚኖርበት ጊዜ አይጸናም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የጥቅም ግጭት እንዳለብኝ ለቤቱ ተናግሬያለሁ። «ይታለፍ» ተባለ። መዝጋቢዋ እኔ ስለሆንኩ መዘገብኩት።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ሙዘሚል ዘንቢሉን ሲያይ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባንዲራ ሲሰቀል እንደሚቆም ሰው። ከፊቱ እንዳለፍኩ «አላህ ያበርታዎት» አለኝ፤ ድምፁ የሚሰናበት ሰው ድምፅ ነበር።

ጠዋት ደብሪቱ ተከተለችኝ። «ደግሞ አዘቅዝቀሽ ሰፈሩን እንዳታስለቅሺ ልጠብቅሽ ነው» አለች። እየሄደች ታወራለች። ስታወራ ትዘገያለች። መጀመሪያ አናደደኝ። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ ብቻዬን ስሆን የምመለስበትን መታጠፊያ ሳናውቀው አልፈነዋል።

መንገድ ዳር ወጣቶች በሙዚቃ ይዘላሉ። አሠልጣኙ ማይክ ይዞ ይጮኻል።

«እነዚህስ ምን ሆነው ነው?»

«ለጤና ነው።»

«እኛ ዝም ብለን ብንሄድ ማን ያየናል እሺ?» አለች። ቅር ያላት መሰለኝ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ፎቅ ላይ አላረፍኩም። አለፍኩት። ሦስተኛው ላይ ብቻ። ደስ ስላለኝ ወርጄ እንደገና ወጣሁ። ከዚያም እንደገና።

ማታ ጉልበቴ አበጠ።

ስህተቱ የታወቀ ነው፤ አንድ ጥሩ ውጤት አይቶ መጠኑን ማብዛት። ቤተ ሙከራ ውስጥ ወጣቶችን ስከለክል የኖርኩት ይህንኑ ነው።

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ማዕዛ ጉልበቴን ዳሰሰች። «አበዙት።»

«ለፋሲካ የምደርስበት ነገር አለኝ።»

«ጉልበትዎ ፋሲካን አያውቅም። የሚያውቀው ነገም እንደሚነሡ ነው። ጥቂት፤ ግን ሳያቋርጡ።»

ጥቂት ቀን እረፍት። በረዶ። ጎረቤቶች ምግብ አመጡ፤ ዕቃዬን አወጡ፤ ትራስ ደገፉልኝ። ውሳኔው በሕመም ጊዜ አይጸናም። ውዝፋቸውን ሁሉ አወጡት።

ኣርያም ሰምታለች። ከማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«ክፍሉን አስቀብቼዋለሁ፣ ማሚ። መጋረጃም ሰቅያለሁ።»

«ቀለሙ ምንድነው?»

«ክሬም።»

«ጥሩ ቀለም ነው።»



መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ብቻዬን ምድር ወረድኩ። ብቻዬን ወጣሁ። በየፎቁ አረፍኩ። ከጥር የባሰ… ወይስ ያው? አልወሰንኩም።

ሚያዝያ 2፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ቦሌ ሚካኤል። ስግደት። ግንባሬ መሬት አልደረሰም። ወንበር ጠርዝ ድረስ ወርጄ ተነሣሁ። ወረድኩ፣ ተነሣሁ። ማዕዛ ያዘዘችው እንቅስቃሴ ራሱ ነው… ለምን እስከ ዛሬ አላያያዝኳቸውም?

ደብሪቱ ከጎኔ «ቤት የተለማመድሽው ያስታውቃል» አለችኝ። በስግደት መሀል። ዝም በይ አልኳት። ወደ ማታ ላይ እሷ ተቀመጠች፤ እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ይህን የምጽፈው ለመረጃ ያህል ነው።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ለበዓል ዕቃ ገዝቼ ስመለስ በአንድ እጄ ዘንቢል፣ በሌላው ዶሮ ነበረ። የጉልበቴ እብጠት ወርዷል። ኣርያም ከመኪናዋ እየወረደች አየችኝ። በሩ ላይ ሙዘሚል እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። አቶ ገሰሰ ከጎኑ። ከደረጃው ሥር ሁለት ወጣት ተከራዮች፤ እነሱም እጃቸውን ኪስ ከተዋል።

ኣርያም ባንክ ውስጥ ኃላፊ ናት፤ መንገድ ላይ አትጮኽም። ዛሬ ጮኸች።

«እናንተ ሰዎች! እናቴ ዶሮ ይዛ ስትንገዳገድ ቆማችሁ ታያላችሁ? ምን ዓይነት ጎረቤት ናችሁ?»

እየተንገዳገድኩ አልነበረም። የምትፈራገጠው ዶሮዋ ናት።

«ውሳኔ ነው» አለ ሙዘሚል።

«የምን ውሳኔ? የማን?»

«የጠቅላላ ጉባኤው» አሉ አቶ ገሰሰ። «በሙሉ ድምፅ።»

ወደ እኔ ዞረች።

«ቃለ ጉባኤው እኔ ጋ ነው» አልኩና ደረጃውን ጀመርኩ።

አንደኛ ፎቅ። ሁለተኛ። ከኋላዬ ትንፋሽዋን አዳምጣለሁ፤ እሷም የእኔን። ሦስተኛው ላይ ደብሪቱ በሯ አጠገብ ለራሷ ያስቀመጠችው ወንበር አለ። ማለፍ ይቻል ነበር? ምናልባት። ነገስ ጉልበቴ ምን ይላል? ተቀመጥኩ።

«አረፍሽ» አለች ኣርያም።

መካድ ይቻል ነበር። አጠገቤ የተላጠ ቀለም ነበረ።

«አዎ፣ አረፍኩ።»

«ስምምነታችን…»

«ስምምነቱን አውቀዋለሁ።»

የደብሪቱ በር ተከፈተ። የወጥ ማማሰያ ይዛለች። «ምን ሆናችሁ ነው ደጄ ላይ? ኣርያም፣ እንኳን አደረሰሽ። ልትወስጃት ነው የመጣሽው አይደል? ጥሩ። ጸሐፊ መሆኗን ግን ታውቂያለሽ? መጀመሪያ መልቀቂያ ታስገባለች። ጉባኤው ያያል። ምትክ ይመረጣል። ርክክብ አለ። ድንኳኑ፣ ወንበሮቹ፣ ድስቶቹ ሁሉ ይቆጠራሉ። የክረምቱ ስብሰባ ደግሞ በዝናብ ምክንያት ሁልጊዜ ይበተናል።»

ርክክብ ሲባል ኣርያም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ባንክ ውስጥም አሠራሩ እንደዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ደብሪቱ ወጡ እንዳያርባት ተመለሰች። ደረጃው ላይ ሁለታችን ቀረን።

«ብትወድቂስ?» አለች፤ አሁን ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብቻሽን። ሰው ሳያይሽ።»

ፈርታለች። ከጥር ጀምሮ ቁጣ መስሎኝ ነበር። የካቲት ላይ እነዚያ ሰዎች ዝም ብለው ሲቀመጡ እጄ እንዴት እንደቀዘቀዘ ትዝ አለኝ። ልነግራት ይገባ ነበር… አልነገርኳትም። እጇን ግን ያዝኳት።

«ልወድቅ እችላለሁ» አልኩ። «አንቺ ዘንድ ግን የምወድቀው ከሶፋ ነው።»

ላለመሳቅ ታገለች። አልቻለችም።

«ቢያንስ ዶሮዋን ስጪኝ» አለች፤ ከዚያ ወደተዘጋው በር ተጠራጥራ አየች።

ከውስጥ የደብሪቱ ድምፅ መጣ። «አንቺ አባል አይደለሽም! ውሳኔው አይመለከትሽም!»

ዶሮዋን ሰጠኋት። ዘንቢሉን አልሰጠኋትም። ወጣን።

ስትሄድ በሩ ላይ «እስከሚመጣው ፋሲካ እንይ» አለች።

ተስማማሁ።

ግንቦት 2፣ እሑድ

ስብሰባ። ደብሪቱ ውሳኔው እሷንም እንዲጨምር ጠየቀች። ሌሎች ሴቶችም እጅ አወጡ። ካለቀ በኋላ አቶ ገሰሰ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «እኔንም ያስገቡኝ» አሉ። አስገባኋቸው።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

ተራመድን። ደብሪቱ ስለ ምራቷ አወራች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

ማዕዛ ጉልበቴን አየች። «አልባሰም» አለች። የተሻለ ነገር ጠብቄ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልጠበቅሁም። በእኔ ሙያ ከጊዜ ጋር ያልተበላሸ ነገር ጥሩ ውጤት ነው።

ኣርያም ደወለች። ያን ክፍል ልብስ መተኮሻ አድርጋዋለች። «ቅር አለሽ?» አለችኝ። አላለኝም አልኳት። መጋረጃው ለዚያም ይሆናል።

ከሰዓት ደብሪቱና እኔ ከገበያ ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ስለዚህ ውሳኔው ጸንቷል። እሷ ድንች ይዛ ከፊቴ ትወጣለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽዋ ሲቆራረጥ ሰማሁ። እጄ ሳላዝዘው ወደ ፌስታሏ ተዘረጋ።

«ጸሐፊ!» አለች፣ ሳትዞር። «ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ማነው?»

እጄን መለስኩ።

ሦስተኛው ላይ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ድንቹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በእጇ ሂጂ አለችኝ። የመጨረሻውን ፎቅ ብቻዬን ቀጠልኩ፤ ቀስ ብዬ። በሩ ጋ ስደርስ ዘንቢሉን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩና ቁልፌን አወጣሁ።